ለፋሲካ ያቆየሁት አምባዛ

ዓሣ ሥጋ ነው ትላላችሁ? ቸኩላችሁ አትመልሱ። እኔ ስድሳ ዓመት ስኖር ይህ ጥያቄ መጥቶብኝ አያውቅም። በቆቦ ቆላ ማሽላ የሚዘራ ሰው ስለ ዓሣ ምን አገባው? ዝናብ ቀረ፣ ዝናብ በዛ፣ ተምች ገባ፣ ወፍ ወረደ። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ጊዜ ካለ ይተኛበታል እንጂ ስለ ዓሣ አይከራከርበትም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ወሬ አላውቅም። ልጆቼ «አባታችን የሚያወራው ከበሬዎቹ ጋር ብቻ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በሬ ሲናገሩት አቋርጦ አይመልስም። የተማርኩትም እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም መጻፍ ከመናገር ይቀለኛል፤ ወረቀት ዓይን ዓይኔን አያየኝም። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ እናንተም ዓይን ዓይኔን አትዩኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰዒድ ነው። የእሱን ማሳና የእኔን ማሳ የሚለየው አንድ የእሾህ አጥር ነው። አርባ ዓመት ተጎራብተናል። ደቦ አብረን ወጥተናል፣ የጠፋ ከብት አብረን ፈልገናል። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ቤት ሁሉ ሲዘረፍ፣ የእኔን ዘር ከራሱ ዘር ጋር በአንድ ጉድጓድ ቀብሮ ያቆየልኝ እሱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ግን ከአንድ ሳህን ሥጋ በልተን አናውቅም። እሱ እስላም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። እኔ ልጅ ስድር ለእሱና ለወገኖቹ ለብቻቸው በግ ይሰጣቸዋል። የራሳቸው ሰው ያርዳል፣ በራሳቸው ድስት ይሠራል፣ በራሳቸው ዳስ ይበላል። እሱም ሲድር ለእኛ እንዲሁ ያደርጋል። ከዳስ ወደ ዳስ እንተያያለን። እሱ ቅልጥም አንሥቶ ያሳየኛል፤ እኔም የእኔን አንሥቼ አሳየዋለሁ። ስንገባበዝ የኖርነው እንዲህ ነው። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

አምና ሰዒድ ታመመ። ሆዱን ነው። ልጆቹ ደሴ ድረስ ወሰዱት። ሐኪሞቹ አይተው አይተው «እቤቱ ይሁን፤ ያማረውን አብሉት» ብለው መለሱት። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቃል። ማረስ ላቆመ በሬ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው።

ልጠይቀው ሄድኩ። ሚስቱ ዘይነባ በረንዳው ላይ በጠፍር አልጋ አጋድማዋለች። ምን አማረህ አልኩት፤ እንዲያው ለአፌ ያህል።

«ዓሣ» አለ። «አምባዛ። ግን ብቻዬን አልበላም። ካንተ ጋር፣ ከአንድ ሳህን።»

ዓይኔን ወደ አጥሩ አሸሸሁ።

«ምን ይዘጋሃል? ዓሣ አይታረድ፣ ማንም አይባርከው። ከውኃ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ይሞታል። የእስላም ሥጋ አይደል፣ የክርስቲያን ሥጋ አይደል። እኛ አርባ ዓመት ቅልጥም እያነሣን ስንተያይ፣ የሁለታችንም ሥጋ እዚህ ጎሊና ውስጥ ሲዋኝ ነበር።»

ጎሊና ወንዛችን ነው። በበጋ ይቆራረጥና እዚህም እዚያም ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። አምባዛ የምንለው ያ ጺማም፣ ቅርፊት የሌለው፣ ሲይዙት የሚያሟልጭ ዓሣ በየኩሬው ጭቃ ውስጥ ይከማቻል። እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። የሚበላው ግን እምብዛም ነው። ሰዒድ ያውቅበታል፤ በጎልማሳነቱ ሐይቅ ሄዶ ሁለት ዓመት በጀልባ ዓሣ ሲያወጣ ነበር።

ችግሩ ወሩ ነው። መጋቢት ነበር። እነሱ ረመዳን ላይ ናቸው፣ እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ነን። እሱ በሽተኛ ስለሆነ ጾሙ አይዘውም፤ እኔን ግን ይዞኛል። በእኔ ቤት ጾም ቀልድ አይደለም። በጾም ወተት የቀመሰ ልጅ ገርፌአለሁ። «ለፋሲካ ይሁን» አልኩት። አየኝ። «በል እሺ፤ እስከዚያ ልመድበት» አለና ዘይነባን ከአልጋው ሥር አንድ የወተት ቆርቆሮ አስወጣት። በዘይት ጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት መንጠቆዎችና አንድ ጥቅል የናይሎን ክር አሉበት። ትልቁ መንጠቆ የማጭድ ጫፍ ይመስላል። መካከለኛው የጣት ያህል ነው። ትንሹን የሴት ጉትቻ ነው ብትሉት ታምናላችሁ።

እኔ ትልቁን አነሣሁ።

«አዞ ልትይዝ ነው?» አለኝ። ከዚያ አስተማረኝ። ወፍራም ብረት አይወጋም። የአምባዛ አፍ ዳሩ እንደ ጫማ ሶል የጠነከረ ስለሆነ ቀጭንና ስል ይፈልጋል። መካከለኛውን ያዝ። ጫፉን በአውራ ጣትህ ጥፍር ላይ ጎተት አድርገው፤ ከቧጠጠ ስል ነው፣ ካንሸራተተ ሞረድ አምጣ። ትንሹ ለትንሽ ዓሣ ነው፤ ትንሹ ዓሣ ደግሞ ለትልቁ።

ይህን የመጨረሻውን ያመጣው በእኔ ምክንያት ነው። ዘይነባ ለበሽተኛው ዶሮ አሳርዳ ነበርና አንጀቱን ለመንጠቆው ሰጠችኝ። መንገድ ጀምሬ ቆምኩ። የእስላም ዶሮ የበላ ዓሣ የማን ሥጋ ነው? ተመልሼ ጠየቅሁት።

«ወይ ሞላ!» አለ ሰዒድ። «አምባዛው እስከ ዛሬ ጎሊና ውስጥ የበላውን ሁሉ ማን ባርኮለት ነው?» ከዚያ ግን አዘነልኝ መሰለኝ። ዓሣን በዓሣ ያዘው አለኝ። በትንሹ መንጠቆ ትል ሰክተህ ቆሮሶ የሚሉትን ትንሽ ዓሣ አውጣ፤ ቆሮሶውን ከነቆዳው በጣት ውፍረት አግድም ቁረጠው፤ ሥጋው መንጠቆው ላይ የሚቆይልህ በቆዳው ነው። ጭንቅላቱን እንዳትጥል፤ ከሁሉም የሚሸተው እሱ ነው። ፀሐይ እንዳያገኘው በእርጥብ ቅጠል ሸፍነው።

እንዳለኝ አደረግሁ። ሁለት ጥዋት ተቀመጥኩ። አንድም የነካው የለም።

«እንዴት አድርገህ ሰካኸው?» አለኝ ስመለስ።

«ቆረጥኩት፣ አጠብኩት፣ ሰካሁት።»

«አጠብከው?»

«ሰባት ጊዜ።»

«በምን?»

«በሎሚ።»

ምን ላድርግ? ያደግሁት ዶሮ በሎሚና በጨው ታጥቦ ታጥቦ፣ ውኃው ኩልል እስኪል በሚጠበቅበት ቤት ነው። ደም ያለበት ነገር ቆራርጦ እንዲሁ ማቅረብ እጄ እምቢ አለኝ። ሰዒድ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አላቆም አለ። ዘይነባ ከጓዳ እየሮጠች መጣች።

«አያ ሞላ፣ ልትጠይቀው ነው ልትገድለው የመጣኸው?»

«ተይው» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። «አምባዛውን በክብር ጠርቶት እኮ ነው!» ወደ እኔ ዞረ። «አምባዛ በዓይኑ አይደለም የሚፈልግ፣ በማሽተት ነው። ደሙን ነው ተከትሎ የሚመጣ። አንተ ደሙን አጥበህ ሎሚ ሰጠኸው። የመንጠቆው ጫፍስ?»

«ሸፈንኩት።»

«እንዴት አድርገህ?»

«እንደ ዘር። ምንም እንዳይታይ።»

አሁን አልሳቀም። እጄን አየው። «ይሄ እኮ አይዘራም ሞላ። በቆዳው በኩል አስገባውና ጫፉን አውጣው። ጫፉ ካልወጣ አይወጋም።»

«ቢያየውስ?»

«ቢያየው ይየው።»

በሦስተኛው ጥዋት ሳላጥብ፣ ጫፉን ሳልሸፍን ጣልኩ። ፀሐይ ሳትወጣ ክሩ እጄን ቆረጠኝ። ስጎትት ይጎትታል። ሲወጣ ክንዴን ያክላል። ሳሩ ላይ ተጋድሞ ጺሙን እያንቀሳቀሰ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ይህን ዓሣ ምን ላድርገው? ይዤው ብሄድ ሰዒድ ዛሬውኑ እንብላ ይላል። ለፋሲካ ገና አራት ሳምንት አለው። እኔ ጾም አልፈታም። ልጅ የገረፍኩበትን ነገር በየት በኩል አፌ ውስጥ አስገባዋለሁ? አሰብኩና መንጠቆውን ቀስ ብዬ ነቀልኩለት። መልሼ ኩሬው ውስጥ ለቀቅሁት። ለፋሲካ የሚታረድ በግ እንደሚቀለበው፣ እሱም ይደልብ ብዬ። ኩሬው እንዳይጠፋኝ ዳሩ ላይ ድንጋይ ከመርኩ። የወንዝ ዓሣ ለበዓል ያሳደረ ገበሬ ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

ሄጄ በኩራት ነገርኩት። ሰዒድ ያን ቀን ቂጣ በሻይ እየበላ ነበር። አንድ ሙሉ ቂጣ። ማኘኩን አቆመ።

«አሰርከው ወይስ ቃል አስገባኸው?» አለኝ።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አንተ ፋሲካ አለህ ሞላ» አለ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቂጣው አጥሚት ሆነ፣ አጥሚቱ በማንኪያ ውኃ ሆነ። በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ስለ ዓሣ አያነሣብኝም። እኔም አላነሣም። አንድ ማለዳ ዘይነባ እስከ አጥሩ ድረስ መጣች። «አያ ሞላ፣ ያ ዓሣ…» ብላ ጀምራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ክሩንና መንጠቆውን ይዤ ወጣሁ።

የከመርኩት ድንጋይ አለ። ኩሬው የለም። የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ለመስኖው ሽንኩርት መጥጠውታል። ጭቃው መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ላዩ ላይ የወፍ ዱካ ብቻ ነው። በማን ልቆጣ? ሽንኩርትም ውኃ ይጠጣል። እዚያ ድንጋይ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወንዙን ተከትዬ ወደ ታች ሁለት ሰዓት ያህል ሄድኩ። ሌላ ኩሬ አገኘሁ። ቆሮሶ አወጣሁ፣ ከነደሙ ቆረጥኩ። መንጠቆውን ጥፍሬ ላይ ሞከርኩ፤ ቧጠጠኝ። ጫፉን አወጣሁ። ከቀትር በኋላ አንድ ያዘልኝ። ከመዳፌ ብዙ አይበልጥም። ድሮ ቢሆን ልጆች የሚጫወቱበት ነው። በቅጠል ጠቅልዬ በሩጫ ተመለስኩ። በስድሳ ዓመቴ ስሮጥ ያየኝ ሰው ሁሉ ቤት የተቃጠለ መስሎት ጠየቀኝ።

ዘይነባ ሠራችው። አዛን ሲል ለማፍጠሪያ ቀረበ። አንድ ሳህን ነው። ሰዒድን በትራስ ደግፈው አስቀመጡት። ዓሣውን አላየም፤ የሚያየው የእኔን እጅ ነው። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ አንድ ብልሃት አስቤ ነበር፤ እጄን ሳህኑ ላይ አሳርፌ እሱን አጎርሰውና ጾሜን ሳልፈታ እወጣለሁ።

«አንተ ቅደም» አለ። ድምፁ ከጉሮሮው አያልፍም።

ብልሃቴን አውቆታል። አርባ ዓመት የተጎራበተ ሰው አያውቅም?

በላሁ። ቅምሻ አይደለም፣ ሙሉ ጉርሻ። ከዚያ ለእሱ የማሽላ ፍሬ የምታክል ቆርሼ አጎረስኩት። አኘከ። በጣም ቆየ። ዘይነባ ውኃ ጠብ አደረገችለትና ዋጠ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ሌላ ልጨምርለት ስል በጣቱ ከለከለኝ፤ ሊናገር ፈልጓል። ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

«አጥበኸዋል» አለኝ።

«ወላሂ አላጠብኩም!» አልኩት።

በሕይወቴ ወላሂ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ሰዒድ ድምፅ ሳያወጣ ትከሻው ብቻ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። የቀረውን ዓሣ እኔ በላሁት። ማን ይብላው ታዲያ? ከአንድ ሳህን ነው ያለው።

በሦስተኛው ቀን ሞተ። መቃብሩን ከልጆቹ ጋር ቆፈርኩ። መሬቱ ደረቅ ነበር።

ፋሲካ መጣ። በግ አረድን። ልጆቼ ቅልጥሙን ሰጡኝ። እኔም እንደ ልማዴ ወደ አጥሩ አነሣሁት። ሚስቴ አይታ ወደ ጓዳ ገባች።

ከበዓሉ በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ሁሉንም፣ ሳልደብቅ። እሳቸው በጣታቸው ቆጠሩልኝ። አንደኛ፣ ዐቢይ ጾም ፈታህ። ሁለተኛ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ በፍስክም አይፈቀድልህም። ሦስተኛ፣ ከሌላ ሃይማኖት ድስት በላህ። አራተኛ፣ በእነሱ መሐላ ማልክ። በአንዲት መንጠቆ ይህን ሁሉ ማውጣቴን እኔም አላወቅሁም ነበር። ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ አይረዳኝም፤ ግን አንድም ሳላጎድል ሰገድኩ።

ስጨርስ ተመልሼ ሄድኩ። «ስለዚያ ዓሣ ከልብህ ተጸጽተሃል?» አሉኝ።

«አዎን አባቴ» አልኳቸው። «በጣም። እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

ደስ አላቸው፤ መስቀል አሳለሙኝና አሰናበቱኝ። ስለ የትኛው ዓሣ እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም ያልተጠየቅሁትን የምናገር ሰው አይደለሁም።