የወይዘሮ አርዲስ አቤቱታ

ወይዘሮ አርዲስ ትዌተን በየማለዳው የፒክአፓቸውን ኮፈን ይከፍታሉ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው በሽርጣቸው ጫፍ ይጠርጉታል፤ መልሰው ነክረው ያወጡና ወደ ፀሐይ ዞር ብለው ያዩታል። ከዚያ እንደ ሐኪም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይመልሱታል። ሞተሩ ከሞተ በኋላ እንኳ፣ መኪናው የመካኒኩ የዱዌይን ጋራዥ በር ላይ ተገትሮ ሳለ፣ በእግራቸው እየሄዱ ይህንኑ ያደርጉ ነበር። "የታመመ ይጠየቃል" ይላሉ።

እንደ እሳቸው ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ቤቱ እየተቃጠለ "ዛሬስ ትንሽ ሞቅ ብሏል" የሚል ሰው ማለቴ ነው። እኛ የአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ሰዎች ደግሞ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንደዚያው ስለሆንን፣ ከመካከላችን አንደኛ መውጣት እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ማዕረግ አይደለም። ክብርት ወይዘሮ አርዲስ ግን ያለ ተቀናቃኝ ይዘውታል። አንዲት አባባል አለቻቸው፤ "የባሰም አለ" የምትል። ሌላው ሰው "የባሰ አታምጣ" ብሎ ፈጣሪውን ሲለምን፣ እሳቸው የባሰው የት እንዳለ አድራሻውን የሚያውቁ ይመስላሉ።

ነፋስ የጎተራቸውን ጣሪያ ነቅሎ ጎረቤት ማሳ ላይ የጣለው ዕለት፣ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና "ብርሃን ገባለት" አሉ። በረዶ አዳልጧቸው የእጅ አንጓቸው የተሰበረ ጊዜ ለሐኪሙ "ትንሽ ጠመም ያለ መሰለኝ" ብለው ሲነግሩት፣ ሐኪሙ የአገሩ ልጅ ስለሆነ ወዲያው ራጅ አዘዘ። ባለቤታቸው ሃርላን የተቀበሩት መሬቱ እንደ ብረት በደረቀበት በክረምቱ እምብርት ነበር። እንባችን ጉንጫችን ላይ እየረጋ ቆመን ሳለን፣ ወይዘሮ አርዲስ ወደ እኛ ዞር ብለው "ትንኝ እንኳ የለም" አሉን። እኛ ለማጽናናት ሄደን ተጽናንተን ተመለስን።

እኔ ፎቃቸው ላይ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር፣ ስለ ፒክአፑ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሃርላን ካረፉ በኋላ ያገለገለ ገዝተው፣ ሻጩ ያቀረበላቸውን፣ ሞተሩ ቢበላሽ የሚተካ የተራዘመ ዋስትና እንቢ ማለት ነውር መስሏቸው ተቀበሉ። በዚያ መኪና በየቀኑ ማታ ማታ፣ ከከተማው ርቀው በየእርሻው ለብቻቸው ለቀሩ አዛውንቶች ምግብ ያደርሳሉ። በምድጃ የተጋገረ ድንችና የተፈጨ ሥጋ፣ ከላዩ አይብ የቀለጠበት፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ይሄዳል። መንገዱ ጠጠር ነው፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ መንገድ መሆኑ ራሱ ይረሳል። ትንሽ መኪና አይደፍረውም።

በመከር መጨረሻ አንድ ቀን ሞተሩ ጓ አለና ቆመ። ዱዌይን ጎትቶ አመጣው፤ ኮፈኑን ከፍቶ አየ፤ ቆቡንም አወለቀ። ቢዬላው፣ ፒስተኑን የሚገፋው ብረት፣ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጥቷል። ቀዳዳው እጅ ያስገባል።

ወይዘሮ አርዲስ ዋስትና ሰጪው ድርጅት ዘንድ ደወሉ። እኔ ኩሽና ውስጥ ሳህን ሳጥብ እሰማለሁ።

"መኪናዎ ምን ሆነብዎት?"

"ኧረ ብዙም አይደለም። ትንሽ ድምፅ አሰማ።"

"ይነሳል?"

"ሰሞኑን ብዙም ፍላጎት የለውም።"

"ጉዳቱ ከባድ ነው ይላሉ?"

"የባሰም አለ።"

መልሱ ለመምጣት አልዘገየም፤ በባለንብረቷ በራሳቸው ቃል መሠረት ችግሩ ቀላል የድምፅ ችግር ስለሆነ ሞተር አይተካም።

ዱዌይን ጋራዡ ውስጥ እየተንጎራደደ ጮኸ። "እትዬ አርዲስ! ሞተሩ ተቀዶ ሆዱ ተዘርግፏል እኮ! ምን ብለው ነው የነገሯቸው?"

"ያየሁትን ነዋ።"

"ዓርብ ዋስትናው ያበቃል። ሰኞ በረዶ ይጥላል ይላሉ። ከዚያ በኋላ እነዚያን ሽማግሌዎች በምን ሊደርሱባቸው ነው? በበረዶ መንሸራተቻ?"

ወይዘሮ አርዲስ ትንሽ አሰቡ። "መንሸራተቻው ጎተራ ውስጥ አለ" አሉ።

ስለዚህ ዱዌይንና እኔ ክብርት ወይዘሮዋን ማማረር ልናስተምር ተነሣን። የጎማ ቁልል ላይ አስቀመጥናቸው።

"ይበሉ፦ ሞተሩ ሞቷል።"

"ሞቷልማ ይከብዳል። አረፈ ብልስ?"

"ሞቷል ይበሉ!"

"በጣም ደክሟል።"

"እትዬ፣ ትንሽ ቆጣ ይበሉ እንጂ።"

"እየተቆጣሁ እኮ ነው።"

"መቼ?"

"አሁን" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ሽፋሽፍት እንኳ ሳይነቃነቅ። ዱዌይን እኔን አየኝ። እኔም ጎማውን አየሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ከጋራዡ ስልክ፣ ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው ከፍተን፣ ደወልን። ያነሣችው ማሪሶል የምትባል ወጣት ናት፤ ሞቃት አገር የተቀመጠች። ወይዘሮ አርዲስ መጀመሪያ ስለ አየሩ ጠየቋት፤ ቀጥሎ ምሳ መብላቷን፤ ቀጥሎ ሥራው ተስማምቷት እንደሆነ። ዱዌይን ዓርብ ሊያልፍብን ነው እያለ በእጁ ምልክት ይሰጣል።

"እማማ፣" አለች ማሪሶል በመጨረሻ፣ "ከጋራዡ የተላከውን ፎቶ አይቼዋለሁ። ሞተሩ እንዳለቀለት ገብቶኛል። ግን 'ብዙም አይደለም' ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ቃሉን የሚያነሡትም እርስዎ ብቻ ነዎት። መኪናው ባይሠራ ምን ይጎድልብዎታል? እውነቱን ይንገሩኝ።"

ወይዘሮ አርዲስ ጀርባቸውን ሰጡን። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ በጣም በቀስታ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። ዱዌይን አንገቱን ደፍቶ የመፍቻዎቹን ሳጥን ያለ ምክንያት ማስተካከል ጀመረ።

"ይጠብቁኝ" አለች ማሪሶል። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። "ተፈቅዷል። ሙሉ ሞተር።"

"ካላስቸገርኩሽ ነው እንግዲህ" አሉ ወይዘሮ አርዲስ።

ሞተሩ ተገጠመ። ዱዌይን ቁልፉን ሲያዞረው መኪናው እንደ ድመት አንጎራጎረ፤ እሱም እንደ አባት ኮርቶ "እህስ?" አላቸው። ወይዘሮ አርዲስ ጆሮአቸውን አዘንብለው አዳመጡና "አይከፋም" አሉ። ከሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የሰማ ሰው በወረዳው የለም። ዱዌይን ለሚስቱ ሁለት ጊዜ ነግሯታል አሉ።

በረዶው በጣለበት ዕለት ማታ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ትኩሱን ትሪ ጭኔ ላይ ይዤ። የመጀመሪያው ሽማግሌ በሩን ከፍተው "ጠፋሽ እኮ!" ብለው ተቆጧቸው። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት ሳህን ነበር። ወይዘሮ አርዲስ ካፖርታቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ለራሳቸውም ጨለፉ። እኔ በራፉ ላይ ቆሜ መነጽሬን ከጉም ስጠርግ ቆየሁ።

ስንመለስ፣ ይህን ታሪክ ለከተማችን ጋዜጣ ልጽፈው እንደምፈልግ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው።

"ጻፊው፣ ልጄ። የዱዌይንን ሙያ ጻፊ። የዚያችን ልጅ ደግነት ጻፊ። ስልክ ላይ ያልኩትን ግን ተዪው፤ ሰዉ የከፋኝ ይመስለዋል።"

እሺ አላልኩም፤ እንቢም አላልኩም። ይህች አገር ዝምታን እንደ እሺ ትቆጥረዋለች። ግን የሚወዷቸው ሰዎች ሊያውቁት ይገባል ብዬ ስላሰብኩ፣ ለማሪሶል ያሏት ይኸው፦ "ምግቡን የማመላልሰው እነሱ ስለራባቸው አይደለም፣ ልጄ። ሃርላን ከሄደ ወዲህ ብቻዬን ስቀመጥ እህል አይወርድልኝም።"