መርዶና የእንግሊዝ ቴሌቪዥን

እሑድን ማን እንደፈጠረው ይታወቃል። የስቶክሆልምን የኅዳር እሑድ ግን ማን እንደፈጠረው እንጃ። ጠዋቱ በደንብ ሳይነጋ ከሰዓት በኋላው ይጨልማል። ዝናቡም እንደ አገራችን ዝናብ ዘንቦ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ያለቃቅሳል። እንደ እኛ ላለው ስደተኛ ደግሞ፣ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ቀን ሰው በምን ይገፋዋል? አንዳንዱ ይተኛል። አንዳንዱ ሻርሆልመን የገበያ ማዕከል ገብቶ ምንም ሳይገዛ ይዞራል፤ እኔ ከዚህኛው ወገን ነኝ። ጋሽ ታፈሰ ግን የእንግሊዝን ቴሌቪዥን ያያሉ።

ጋሽ ታፈሰ ጎረቤቴ ናቸው። ሶደርተልየ ከተማ ባለ ፋብሪካ ውስጥ የጭነት መኪና ሲገጣጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው። ስዊድንኛቸው ለቢሮና ለሐኪም ነው። እንግሊዝኛን ግን በልጅነታቸው በኩርኩም ስለተማሩት ይወዱታል። ሰው በኩርኩም የተማረውን ይወዳል እንዴ? እኔን አትጠይቀኝ። በረንዳቸው ላይ የሰቀሉት ፓራቦል፣ የሳተላይት ዲሹ፣ የሠርግ ድስት ክዳን ያህላል። አከራዮቹ «አውርዱት» ሲሏቸው ከግድግዳው አውርደው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ወረደ አይደል?

ጊዜው የስልክ ካርድ እየፋቅን አገር ቤት የምንደውልበት ጊዜ ነው። ጋሽ ታፈሰ እሑድ ከጠዋት ጀምረው ያዩትን ሁሉ አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ላሉት ታላቅ እህታቸው በስልክ ይተርካሉ። «እታለም» ነው የሚሏቸው። እታለም እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እንግሊዝንም አያውቋትም። ነገር ግን የትኛው መኮንን የትኛዋን ገረድ እንደከዳ፣ የየትኛው ገበሬ በግ እንደታመመች ያውቃሉ። በሳምንቱ ሲደወልላቸው ከሰላምታው በፊት «በጓ ዳነችለት?» ይላሉ አሉ። ጋሽ ታፈሰ ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ቴሌቪዥኑን የሚያዩት ለእታለም ለማውራት ነበር።

እታለም አንድ ሐሙስ አረፉ።

የተደወለው ታዲያ ለጋሽ ታፈሰ አይደለም። ለባለቤቱ መቼ ይደወላል! ለብርቄ ነው የተደወለው። ብርቄ ሶልና ሆስፒታል የምትሠራ፣ የሁላችንም እህት ናት። ዓርብ ዕለት ለእኔና ለሲሳይ ነገረችን። ቅዳሜ የሰፈሩ ሐበሻ በሙሉ ሰማ። የቀሩት ጋሽ ታፈሰ ብቻ ናቸው። ወጋችን ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን ሆኖ አይረዳም። ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ባለበት ነው። ጥሩ ወግ ነው፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ።

ችግሩ ትልቁ ሰው ቄሱ መሆናቸው ነው። እሑድ ጠዋት ቄስ የት ይገኛል? ቅዳሴ ላይ፤ ያውም ሶደርተልየ። «ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ፤ እናንተ ቀድማችሁ ሂዱና አገር ቤት እንዳይደውሉ ጠብቋቸው» አሉን። ግን ምን ብለን እንሂድ? የምድር ባቡር ሹፌሩ ሲሳይ፣ «ቴሌቪዥን ልናይ መጣን እንላለና» አለ። የሚሻል ውሸት ያመጣ ሰው አልነበረም።

ሄድን። ጥቁር መልበሳችን እንኳ አላሳበቀብንም፤ ኅዳር ላይ እዚህ ከተማ ጥቁር ያልለበሰ ማን አለ? የሴቶቹ ነጠላ በቦርሳ ተደብቋል። ለለቅሶው የተሠራው ምግብ በየድስቱ ገባ። ጋሽ ታፈሰ በሩ ላይ ቆመው ያንን ሁሉ ሰው ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። አንዱን አቅፈው ሳይለቁ ሌላውን ይስማሉ። ወንበር ስላነሰ ከፊት ለፊት ካለችው ስዊድናዊት ጎረቤታቸው ሊዋሱ ሄዱ፤ እኔም ላግዝ ተከተልኳቸው። ሴትዮዋ ልደታቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ታፈሰ ደረታቸውን ነፍተው፣ «አይ፣ እሑድ ስለሆነ ነው» አሏት። ሁለት ወንበር አንሥቼ ፊታቸውን ሳላይ ቀድሜያቸው ተመለስኩ።

መጀመሪያ የቀረበው የፖለቲካ ውይይት ነበር። ሚኒስትሩ አንድ ነገር ይጠየቃል፣ ሌላ ይመልሳል። ጋሽ ታፈሰ ተናደዱ። ሰው እንዴት የሚያውቀውን አፍኖ እንዲህ ፊት ለፊት ይቀመጣል ብለው ወደ እኛ ዞሩ። ሲሳይ ካልሲውን መመርመር ጀመረ።

ቀጥሎ የገበሬዎቹ ፕሮግራም መጣ። ያች በግ ድናለች! ጋሽ ታፈሰ ጭናቸውን መትተው «እታለም ይህን ስትሰማ!» አሉ። ብርቄ ወደ ኩሽና ሮጠች። ሽንኩርት እየላጠች ነው ተባለ። ምግቡ ሁሉ ተሠርቶ የመጣ መሆኑን ያስታወሰ የለም።

ኳሱ አለፈ። ቄሱ የሉም። ምሳ ተበላ። ቄሱ የሉም። ከሶደርተልየ የሚያመጣቸው ፔንደልቶግ የሚሉት ባቡር ለጥገና ቆሞ ምትክ አውቶብስ እየጠበቁ ነው አሉ። ከዚያ ሰዎች የቤታቸውን አሮጌ ዕቃ ለባለሙያ የሚያሳዩበት ፕሮግራም ጀመረ። አንዲት አሮጊት የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘው ቀረቡ። የሟች እህቴ ነው ሲሉ ብርቄ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ጋሽ ታፈሰ አዘኑላት። «አይዞሽ ልጄ፣ አትሸጠውም። ለማስገመት ብቻ ነው ያመጣችው» አሏት።

ሳቅ መጣብኝ፤ ብርቄን ሳያት ግን ተውኩት።

የአሮጌው ዕቃ ፕሮግራም ሲያበቃ የእታለም ሰዓት ነው። ጋሽ ታፈሰ ካርዳቸውን ፍቀው መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን አነሱ። ዝም! ሲሳይ ገና ስንገባ ሽቦውን ከግድግዳው ነቅሎታል። ነካኩት፣ መቱት፣ ነፉበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሞባይሌን ጠየቁኝ። እታለም ትጠብቀኛለች፣ ካልደወልኩ እንቅልፍ አይወስዳትም አሉኝ። እኔም ባትሪው አልቋል አልኳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አፌን ሳልዘጋ ሞባይሉ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ኋላ እንዳወቅኩት ቄሱ ናቸው፤ አውቶብሱ መምጣቱን ሊነግሩኝ።

ጋሽ ታፈሰ የሚጮኸውን ኪሴን አዩ። ጥቁር ልብሳችንን አዩ። ከዚያ የድስቶቹን ብዛት። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ይባላል። ቀስ ብለው ተቀመጡና፣ «እታለም ናት?» አሉ።

ብርቄ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ያ በቃ። እሳቸው ሲያለቅሱ፣ እኛም ስናለቅስ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የአንድ የእንግሊዝ ገጠር ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ቆመው ይዘምሩ ነበር። ማጥፋቱን ያሰበ የለም። ቄሱ የደረሱት ሁላችንም አልቅሰን ድምፃችን ከተዘጋ በኋላ ነው።

ጋሽ ታፈሰ ትንሽ ረጋ ሲሉ ወንበሮቹን በዓይናቸው ቃኙ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ «እኔ እኮ እንዲያው ናፍቄያችሁ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። ከመርዶው ይልቅ ይኼኛው አንጀቴን በላው።

አየህ፣ ወጋችን ሰው ብቻውን እንዳያለቅስ ይጠነቀቃል። ብቻውን እንዳይስቅ የሚል ወግ ግን አባቶቻችን አልተዉልንም። ለቅሶው ሞቅ ብሎ ሰነበተ። ከዚያ ሲሳይም ወደ ባቡሩ፣ ብርቄም ወደ ሆስፒታሏ፣ ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ።

እኔም በገና ሰሞን አንድ እሑድ፣ ዛሬስ ያለ ምንም ምክንያት ሄጄ አብሬያቸው ቴሌቪዥን አያለሁ ብዬ ተነሣሁ። ብስኩት ገዛሁ። በሩን ሳንኳኳ ጋሽ ታፈሰ ገርበብ አድርገው ከፈቱ። ሲያዩኝ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ደግሞ ማን ነው?» አሉኝ።

ማንም አይደለም፣ አብረን ቴሌቪዥን ልናይ ነው የመጣሁት አልኳቸው። ይህን ከዚህ በፊት ሰምተውታል። አስገቡኝ። ብስኩቱን ተቀብለው ሳይከፍቱት ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ሚኒስትሩ ዋሸ፤ አልተናደዱም። በጎቹ መጡ፣ ኳሱ መጣ፣ አሮጌው ዕቃ መጣ፤ እሳቸው የሚያዩት እኔን ነው። ሳል እንኳ ሲመጣብኝ ይደነግጣሉ። መኮንኑና ገረዲቱ ታርቀው ፕሮግራሙ ሲያልቅ ልሂድ ብዬ ካፖርቴን አነሣሁ።

ጋሽ ታፈሰ ተነሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ነጠላቸውን ከወንበሩ ላይ አንስተው ለበሱ። ከዚያ ፊት ለፊቴ መጥተው ቆሙና፣ «በል፣ አሁን ንገረኝ» አሉኝ።