በጋቢ ላይ የተለካ ሰደፍ

ሚስት ሲያገባ ያልተጨነቀ ሰው ለጠመንጃው ሰደፍ እንጨት ሲመርጥ ሲጨነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። የመርሳው ጎረቤቴ ሰይድ የአባቱ ምንሽር ሰደፉ ተሰነጠቀበት። ከርከሮ ማሽላውን ሳይጨርስበት ሊያሠራው ወልድያ ሲወጣ አብሬው ሄድኩ።

አናጢው ቤት ሰይድ መጀመሪያ የወይራውን እንጨት አነሳ።

«ይኸ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ግን የሚሸከምልኝ ሌላ ሰው ያሻኛል።»

ቀጥሎ ዋንዛውን አንስቶ ጉንጩን አስደገፈበትና ዓይኑን ጨፈነ። ሊተኛበት ይሆን እንዴ?

«ወላሂ፣ ይመቻል!» አለ።

«እንግዲያው በትከሻዎ ልክ ልቁረጠው» አለ አናጢው።

የጠዋት ብርድ ስለነበረ ሰይድ ወፍራም ጋቢውን ደራርቦ ትከሻው ላይ ጥሎ ነበር። በዚያው ላይ ተለካ። ማን ልብ ይላል?

ወደ መርሳ ሙቀት ወርደን በሸሚዝ ሆኖ ሲያነጣጥር ሰደፉ አጠረው። ሲተኩስ ትከሻውን እንደ በቅሎ ረገጠው፤ ከርከሮውም ማሽላውን እያኘከ ሄደ። የተቆረጠ እንጨት አይረዝም፤ ምን ያድርግ? በጠራራ ፀሐይ ጋቢውን ደራርቦ ማሳው ዳር ይቀመጥ ጀመር። መንገደኛው ሁሉ ወባ የያዘው መሰለው።

«አያ ሰይድ፣ አላህ አፊያ ያድርግዎ!»

«አሚን» ይላል ላቡን እየጠረገ።

ትናንት ከርከሮውን ጣለው። ማሽላው ተረፈ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ «ዋንዛን መምረጥህ በጀህ» አልኩት።

«የለም አባባ፣ የበጀኝስ ጋቢው ነው» አለኝ። «እሱን ሳልመርጥ ነው የለበስኩት።»