የጋሽ በየነ ቡፌ

በየሰፈሩ ቡፌውን የማያስነካ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው የሚቆልፈው ለበዓል እንኳ የማይወጣ ብርጭቆ ነው። የሮቤው ክቡር ጋሽ በየነ፣ ጡረታ የወጡት ሬዲዮ ጠጋኝ፣ የሚቆልፉት ሃያ ሦስት አሻንጉሊት ነው።

አሻንጉሊት ሲባል ሕፃን የሚያዝለው ዓይነት አይደለም። ወገባቸው የቀጠነ፣ ከንፈራቸው የተቀባ፣ ቀሚስና ጫማ የሚቀያየርላቸው፣ ከተሠሩ አርባና ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የፋሽን አሻንጉሊቶች ናቸው። በልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ውስጥ ተጨፍልቀው፣ አንዳንዴም አንድ እግራቸውን ጥለው ሮቤ ይደርሳሉ። ጋሽ በየነ ፀጉራቸውን አጥበው ያበጥራሉ፣ የላላውን ያጠብቃሉ፣ ቀሚስ ይሰፋሉ፤ ከዚያ ከጃንጥላ ሽቦ በሠሩት መቆሚያ ወገባቸውን አስይዘው ቡፌው ውስጥ ያቆሟቸዋል። ጠጋ ብሎ ሊያይ የፈለገ ሁሉ፣ ሹምም ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «እጅዎን ታጥበዋል?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ ብርጭቆዎቻቸው ከቡፌው የተባረሩ ዕለት እጃቸውን ሰጥተዋል። ነገሩን መልመድ ያቃታት ልጃቸው ሊድያ ናት።

ሊድያ ጎባ ቢሮ ትሠራለች። ስለ አባቷ ሲጠይቋት «ሬዲዮ ይጠግናል» ብላ ወሬ ትለውጣለች። አብራቸው ገበያ ከወጣች ግን ልባሽ ነጋዴዋ ሰቢሪና ከሩቅ ትጣራለች፤ «ጋሽ በየነ፣ አንዲት ራሰ በራ መጥታልዎታለች። ወላሂ ለእርስዎ ብዬ ነው የደበቅኳት።» ገበያተኛው ዞሮ ያያል። ይባስ ብለው አንድ ቀን ፋርማሲ ገብተው የብጉር ቅባት ጠየቁ። ሻጯ የስልሳ ስምንት ዓመት ፊታቸውን አየት አድርጋ «ለማን ነው?» ብትላቸው፣ ከኮታቸው ኪስ ጆሮዋ አረንጓዴ የሆነ አሻንጉሊት መዘዙ። የጉትቻ ዝገት ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ ቅባቱን ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማዋል ነው መድኃኒቱ ብለው ለተሰለፈው ሁሉ አስረዱ። ሊድያ የሳል ሽሮፕ የምትመርጥ መስላ ጀርባዋን ሰጠች።

እንዲህ እያለች ከርማ፣ የምትወደው ነገሪ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆረጠ። የሚመጡት ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው ከገሰራ የሚነሱት አጎቱ ኦቦ ጉርሜሳ። ሊድያ እንቅልፍ አጣች። ሽማግሌ አሻንጉሊት የሚያለብስ አማች አይቶ ምን ብሎ ይመለሳል?

እሑድ ጠዋት አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ የቡፌውን ቁልፍ ሰርቃ ሃያ ሦስቱንም ጆንያ ውስጥ ከታ ዕቃ ቤት ደበቀች። ሶፋውንም ጀርባው ለቡፌው እንዲሆን አዞረችው። ሁለት ነገር ግን ረስታለች። አንደኛው መቆሚያዎቹን ማንሳት ነው። ሁለተኛው፣ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ ነው።

ጋሽ በየነና ሽማግሌዎቹ በር ላይ ተገናኝተው «አካም ጂርቱ» ተባብለው አብረው ገቡ።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ጉርሜሳ፤ ሦስቱም ቡፌው ፊት ተደርድረው ቆሙ። በመስታወቱ ውስጥ ሃያ ሦስት ሽቦ፣ ሊያቅፍ እንደተዘጋጀ ሰው ክንዱን ከፍቶ ያያቸዋል። «ጋሽ በየነ፣ ይሄ ሁሉ ሽቦ ምንድን ነው?»

ጋሽ በየነ ባዶውን ቡፌ አዩ። ቀጥሎ የጓዳውን መጋረጃ ይዛ የቆመችውን ልጃቸውን አዩ። ሁሉም ገባቸው።

«አንቴና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሬዲዮ እጠግን ነበር።»

ሊድያ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ፋርማሲ ተሰልፎ ለቆመ ባይተዋር ያልደበቁትን ነገር ለእሷ ሲሉ ካዱት። እስከዚያ ቀን ያፈረችው በአባቷ ነበር፤ አሁን በራሷ አፈረች፤ ይሄኛው ደግሞ ፊትን የት እንደሚያስገቡት ያሳጣል።

ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ጆንያውን አቅፋ ገባችና የመጀመሪያዋን አውጥታ ሽቦዋ ላይ አቆመቻት። አሻንጉሊቷ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ጨርቁን አወቀችው፤ የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሟ ነው። ስንት ዓመት ቡፌው ውስጥ ስትቆም፣ ሊድያ አንድ ቀን እንኳ እጇን ታጥባ ቀርባ አይታት አታውቅም።

ኦቦ ጉርሜሳ ተገርመው ቀሚሱን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ በየነ አፋቸውን ከፈቱና፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ትዝ ሲላቸው መልሰው ዘጉት።

«ኦቦ ጉርሜሳ፣ እጅዎን ታጥበዋል?» አለች ሊድያ።

ወይዘሮ አሰፋሽ ከጓዳ ሆነው «ወይኔ፣ ልጄ ቀረች» ሲሉ ተሰማ። ኦቦ ጉርሜሳ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«አልታጠብኩም፣ ያ ኢንታላ፣ ልጄ» አሉና ወደ ቧንቧው ወጡ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው።

ጋሽ በየነ ፎጣ ይዘው በር ላይ ጠበቋቸው። «ቅረቡ እንግዲህ» አሉ፣ ልጃቸውን ላለማየት እየጣሩ። «አንቴና ያልኳችሁ ውሸቴን ነው።»

የነገሪ ጉዳይ የተሰማው ሃያ ሦስቱም ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹም እስከዚያ አልተቀመጡም።