ሃጂ ጃማ ስለ ግራሩ ያልነገረኝ

ቤት ሻጭ ሁሉ ውሸታም ነው አልልም። ውሸታም ቢሆንማ በተሻለ ነበር፤ ውሸት ውሎ አድሮ ይያዛል። ቤት ሻጭ የሚነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው… ጉዱ ያለው የማይነግራችሁ ላይ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ይህን ተረት ያወጣው ሰው ቤት ገዝቶ አያውቅም።

እኔ ገዝቻለሁ። እዚሁ ሀርጌሳ፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ከስደት እየተመለሰ የፈረሰ ግድግዳውን በሚያቆምበት ዘመን። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ብሆንም ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የዚሁ አገር ሰው ነበር። እሱ ሲያልፍ ከሴት ልጄና ከሦስት ልጆቿ ጋር ሼክ ኑር በሚባለው የተመላሾች ሰፈር በጨርቅና በላስቲክ ጎጆ ቀረን። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጣራችን ጎረቤት ይሄዳል፤ አስፈቅደን እናመጣዋለን።

ስለዚህ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ በአንድ ረድፍ ከተሠሩ ሰባት ቤቶች የመጨረሻው ይሸጣል ሲባል ሮጬ ደረስኩ። ሻጩ ሃጂ ጃማ የሚባል፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ጎልማሳ ነው። ሐቀኝነቱ ልክ የለውም። ጥይት የበሳውን ግድግዳ ጣቱን እያስገባ አሳየኝ። ጣራው የት የት እንደሚያፈስ፣ የትኛው በር ሲጥ እንደሚል ሁሉ ነገረኝ።

“ሰባቱ ቤቶች ማኅበር አለን” አለ። “የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያውና ዘበኛው የጋራ ናቸው።”

“ሌላስ?”

“ሌላማ ምን አለ?”

ግቢው መካከል ትልቅ ግራር ቆሟል። በዚያን ጊዜ ከማገዶ የተረፈ ዛፍ ማግኘት እንዲህ ቀላል መሰላችሁ? ጥላውን አይቼ ልቤ ጠፋ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና… ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

በገባን በመጀመሪያው ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ጸጉሬን ሄና ተለቅልቄ ግራሩ ሥር ተቀምጫለሁ። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ስድስት ሽማግሌዎች ምንጣፋቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ።

“አሰላሙ ዓለይኩም” ብለው ማንጠፍ ጀመሩ።

“ወዓለይኩሙ ሰላም። ማንን ፈልጋችሁ ነው?”

“ማንንም። የማኅበራችን ስብሰባ ነው።”

መጥረጊያዬን አነሳሁ። ሰብሳቢያቸው ሼህ ፋራህ ናቸው፤ እሳቸውም ጢማቸውን ሄና ተቀብተዋል፤ ልዩነቱ እኔ የተቀባሁት ቤቴ ውስጥ መሆኑ ነው።

“ኤዶ ዘይነባ” አሉኝ። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው አክስቴ ሲሉኝ ነገር እንዳለ ገባኝ። “መጥረጊያውን አስቀምጪ። ግቢው ያንቺ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ግን ጥላው የማኅበሩ ነው። ውል አለን። የማን አጥር ወደ ማን ገፋ፣ የማን ፍየል የማንን ልብስ በላ፣ ሁሉም ጠመንጃ ሳይነሳ እዚህ ሥር ነው የሚያልቀው።”

ነገሩ ክፉ አይደለም። ግን አልተነገረኝም! ሃጂ ጃማን ልከስ ተነሳሁ። የሰፈር ክስ የሚሰማው የት ነው ብዬ ብጠይቅ… እኔው ግቢ።

በሳምንቱ ሃጂ ጃማ ተጠርቶ ቀረበ።

“ሃጂ፣ ሲጥ የሚለውን በር አስታውሰህ ስድስት ሽማግሌ እንዴት ረሳህ?”

“ሰው ሁሉ ያውቃል ብዬ ነው።”

“በሩም ሲጥ ሲል ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር።”

ሽማግሌዎቹ በጢማቸው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። “ብነግርሽስ ትገዢው ነበር?”

“እገዛው ነበር። አይቶ መግዛት ሌላ፣ ገዝቶ ማየት ሌላ።”

ሼህ ፋራህ ፈረዱ። “ሻጭ የሚያውቀውን ሸክም ሁሉ በምስክር ፊት መናገር አለበት። ሃጂ አጥፍቷል። ‘ሰው ሁሉ ያውቃል’ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ሽያጩ ይፍረስ፤ ቤቱን መልሶ ይውሰድ።”

የሃጂ ጃማ ፊት በራ። ለካ ከሸጠ ጀምሮ ሲቆጨው ኖሯል። ልጄ በመስኮት ስትሰማ ነበር፤ ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁት። ክሱን አሸንፌ ወደ ላስቲክ ጎጆዬ ልመለስ ነው። እንዲህ ያለ ድል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

“ቆዩ” አልኩ። “የምመልሰውን ልወቅ። የማኅበሩን ውል ያንብቡልኝ።” እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ያውም በአማርኛ።

ሼህ ፋራህ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። “… ከሰባቱ ቤቶች የእያንዳንዱ ባለቤት ከግራሩ ሥር አንድ መቀመጫ ይኖረዋል…”

“እስቲ ይድገሙት።”

ደገሙት። በሁለተኛው ድምፃቸው ቀነሰ።

“የሰባተኛው ቤት ባለቤት ማን ነው?”

ስድስቱም ዛፉን ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ ሼህ ፋራህ “ኤዶ፣ ሴት እኮ በሽማግሌ ስብሰባ አትቀመጥም” አሉ።

“ውሉ ላይ የት ተጽፏል?”

“አልተጻፈም። ሰው ሁሉ ያው…” ብለው አቆሙ።

“ይጨርሱት እንጂ፤ አሁን የፈረዱበት ነው።”

ሃጂ ጃማ እንኳ አፉን በእጁ ሸፈነ።

“ሃጂ ሸክሙንም መቀመጫዬንም ደብቆ ነው የሸጠልኝ” አልኩ። “ሸክሙን ይቅር ብዬዋለሁ። ክሴን አንስቻለሁ፤ ቤቴም አይመለስም። መቀመጫዬን ግን አልለቅም።” ባዶ ጀሪካን ደፋሁና ከመካከላቸው ተቀመጥኩበት።

ሼህ ፋራህ ውሉን አጥፈው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ “ቢስሚላህ፤ ወደ ፍየሉ ጉዳይ እንለፍ” አሉ።

ከዚያ ወዲህ በረድፋችን ቤት የሚሸጥ ሰው ግራሩ ሥር ቆሞ ሁሉን መዘርዘር ግዴታው ሆነ። ባለፈው ዓርብ የሦስተኛው ቤት ባለቤት ገዢውን ይዞ መጣ። “ጣራው ያፈሳል። ውሃው በጋራ ነው። ዘበኛው ይተኛል…” አለና በዓይኑ ወደ እኔ ጠቅሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ “ዓርብ ዓርብ ደግሞ እሷ አለች።”

ገዢው አስቤበት ልመለስ ብሎ ሄደ። ሻጩ በእኔ ተናደደ። እኔ ግን እዚያው መሰከርኩለት፦ ምንም አልደበቀም።