የፍሪጁ ዘበኛ

በየቤቱ አንድ የፍሪጅ ዘበኛ አለ። የሌለበት ቤት ካለ አድራሻውን ንገሩኝና ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ ልግባ። እኛ ቤት ሹመቱን የያዙት ክብርት አክስቴ ናቸው።

ወጥ ቤታችን ሕግ አለው። ፍሪጁ ከመከፈቱ በፊት የሚወጣው ነገር ከነአድራሻው ይነገራል። "ወተት፣ በሩ ላይ፣ የታችኛው" ትላለህ፣ ትከፍታለህ፣ ታነሳለህ፣ ትዘጋለህ። ከፍተህ ማሰብ ከጀመርክ አለቀልህ።

"ማሰቢያ ቦታ ነው እንዴ? ዘግተህ አስብ! ብርዱ አለቀ እኮ!"

አንድ ቀን አለቃዬ ምሳ ተጋብዞ መጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያወጣ ተነሳ። አክስቴ በሩ ላይ ተገተሩ። "የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያውቃሉ?" ሰውዬው ከየት ያውቃል! የቧንቧ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እንዲያው የምታገሳቸው ለልጄ ስል ነው። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊኗ የሚቀመጠው እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መብራት ጠፋ። መድኃኒት ቤት ብደውል "ኢንሱሊን አልቋል፣ ማክሰኞ ይገባል" አሉኝ። የዕለቱን መርፌዋን ተወግታለች፣ የነገው ግን እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሞቆ እንደሆነ ልየው ብዬ ብሄድ፣ አክስቴ ፍሪጁን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ወንበራቸውን በሩ ላይ አስጠግተው ተቀምጠዋል።

"አክስቴ፣ የልጄ ነገር ነው! ያሳልፉኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ጮኼባቸው አላውቅም።

"ባየኸው ቁጥር ነው የሚሞቀው" አሉ፣ ንቅንቅ ሳይሉ። "ጤና ጣቢያ ስሠራ የክትባቱን ፍሪጅ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። በላምባ የሚሠራ ነው። ኃላፊያችን ቢራውን እዚያ እያስቀመጠ በቀን አሥር ጊዜ ይከፍተዋል። አለቃ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈው ሳለ ክትባቱ ተበላሽቷል ተባለ። ባዶ እጃቸውን የመለስኳቸው እኔ ነኝ።"

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

መብራት የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። አክስቴ "ኢንሱሊን፣ መሀለኛው፣ በስተቀኝ" ብለው ከፈቱ። ገና መብራት ሲጠፋ፣ በረዶ የሠሩትን የውሃ ጠርሙሶች ከላይኛው ፍሪዘር አውርደው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ዙሪያውን ደርድረውበት ኖሯል። በረዶው ቀልጦ አላለቀም። ብልቃጡን ጉንጬ ላይ አደረግኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። እንባዬ መጣ።

"ታለቅሳለህ? በሩን ዝጋው እንጂ!"

አክስቴ ሰሞኑን ዘመድ ሊጠይቁ ሄደዋል። ትናንት ውሃ ጠምቶኝ ፍሪጁ ፊት ቆምኩ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

"ውሃ፣ በሩ ላይ፣ ሁለተኛው" አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ ከፈትኩ።