በግድግዳችን ላይ ማንም አይሞትም

«ሞቷል አልኩሽ!» አለኝ ታምራት።

«አልሞተም» አልኩት።

«ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ ሞቷል! አፈር ተከምሯል፣ አፈሩ ላይ ባርኔጣው ተቀምጧል። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ይሙትልሽ?»

«ሬሳውን አይተሃል?»

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች አያምኑም። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ድምፄ አይወጣም። አምና አንድ አስተማሪያችን ድምፄ አልሰማ ብሎት ቀሪ አደረገኝ። እኔም አለሁ ለማለት አፍሬ ሦስት ቀን ሙሉ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የኮሚክ ነገር ሲነሳ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ኮሚክ የምለው ያንን በሥዕል የሚተረከውን መጽሐፍ ነው። ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው በወጣ ደመና ውስጥ ነው። ምናልባት የምወደው ለዚህ ይሆን? እዚያ ማንም ድምፁን ማሰማት የለበትም። ደመናው ይበቃዋል።

ጠቡ እንዴት እንደተነሳ ልንገራችሁ።

ታምራት የክፍሌ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ጊምቢቹ ናቸው። እሱ ለትምህርት ሆሳዕና ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ማለት ነው። ዓርብ ይሄዳል፣ እሑድ ማታ የሳምንት ቆጮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ሞቷል አልሞተም የምንባባልበት ሰው ደግሞ የአንድ አሮጌ ኮሚክ ጀግና ነው። ስሙን አናውቅም፤ መጽሐፉ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነው። እኛ ባለባርኔጣው እንለዋለን። ባርኔጣ፣ አንዲት በቅሎና ብዙ ጠላቶች አሉት። ሌላ ምንም የለውም።

መጽሐፉ የታምራት ነው። ታላቅ ወንድሙ አዲስ አበባ ከመንገድ ላይ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቶ ያመጣለት ነው። ወንድሙ ማታ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ደመናዎቹን አንድ በአንድ «ያነብለት» ነበር። «አንተ ሌባ፣ በቅሎዬን ወዴት ትነዳለህ?» ይላል ባለባርኔጣው፣ በጥሩ ሀዲይኛ። ታምራት ካደገ በኋላ ነው ወንድሙ ያንን ቋንቋ አንዲት ቃል እንደማያውቅ የገባው። ታሪኩን ከየት ያመጣው ነበር? ከራሱ። አንዳንድ ማታ በቅሎዋ ራሷ ትናገር ነበር አሉ።

ይህ ወንድሙ ከሁለት ዓመት በፊት ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በእኛ አገር አንድ ሰው ያልሄደበት ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም። መጀመሪያ በየበዓሉ ይደውል ነበር። ካለፈው ገና ወዲህ አልደወለም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ታምራትን ግን ማንም አይጠይቀውም። እኔ ደግሞ ስሜ ሲጠራ አቤት የማልለው ልጅ፣ ይሄን ልጠይቅ?

ወደ ኮሚኩ ልመለስ። እኔና ታምራት የምንስማማው ኮሚክ መውደዳችን ላይ ብቻ ነው። እሱ አሮጌ ወዳድ ነው። ወረቀቱ ቢጫ ካልሆነ አይቆጥረውም። «ድሮ የሳለ ሰው ጥድፊያ አልነበረበትም» ይላል፣ ድሮ የነበረ ይመስል። እኔ አዲሶቹን ነው የምወደው። ጤና ጥበቃ ለትምህርት ቤት የሚልካቸው የኤድስ ኮሚኮች አሉ አይደል? እሱ ይስቅባቸዋል። እውነቱን ለመናገር የሚያስቁ ናቸው። ሰዎቹ ሁሉ፣ ሹፌሩም ሰካራሙም፣ እንደ ነርስ ነው የሚናገሩት። ሴቶቹ ሁሉ አንድ ፊት አላቸው፤ በጸጉራቸው ካልሆነ አይለዩም። ነገር ግን የሠዓሊው የእጅ አሳሳል! አንዲት እናት የመድኃኒት ብልቃጥ ስትይዝ ጣቷ ላይ የቀለበቷ ምልክት አለ፤ ቀለበቱ የለም። ሸጣዋለች ማለት ነው። አንድም ቦታ አልተጻፈም። ይህን የሳለ ሰው አሁን በሕይወት አለ፣ ምሳውን እየበላ ነው ብዬ ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሌላው የኮሚክ ምንጬ ስኳር ነው። አንድ ጋዜጣ በየሳምንቱ የኮሚክ ክፍል ያወጣል። ጋዜጣውን የሚገዛ ሰው አላውቅም፤ ሱቅ ውስጥ ግን ስኳር የሚጠቀለለው በእሱ ነው። ስለዚህ ባለሱቁን «በዚያኛው ጠቅልልልኝ» እለዋለሁ፤ እለዋለሁ ስል በጣት ነው የማሳየው። አንዳንዴ ታሪኩ የሚቋረጠው ሩብ ኪሎ ላይ ነው። ቀጣዩን ለማወቅ ሌላ ሩብ ኪሎ መግዛት አለብኝ። በቀን ሦስቴ ስኳር ስገዛ ባለሱቁ እናቴን መንገድ ላይ አቁሞ፣ ልጅሽን ስኳር በሽታ እንዳይዛት አላት።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ዋናው ነገር ላይ ላለመድረስ ነው። እሺ፣ እደርሳለሁ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ታምራት ባለባርኔጣውን አዋሰኝ። በሕይወቱ ለማንም አውሶት አያውቅም። ሁለት ጊዜ ሰጥቶኝ ሁለቴም መልሶ ተቀበለኝ፤ ሦስተኛው ላይ «በፕላስቲክ ያዢው» ብሎኝ ወደ ጊምቢቹ ሄደ። ክረምቱን ሙሉ አነበብኩት። እያንዳንዷን ሥዕል ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። ከፍራሼ ሥር፣ በፕላስቲክ ውስጥ አስቀመጥኩት።

መስቀል እየቀረበ መጣ። መስቀል በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ያለው በሬ ይገዛል፣ የራቀው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ መመለስ ያልቻለው ይደውላል። ቤት ደግሞ አዲስ ይሆናል። የጭቃ ግድግዳ ይለሰናል፣ ሲደርቅ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። እናቴ ሥራ ማሳደር አትወድም። ሌላው ገና ጭቃ ሲያቦካ እሷ ትጨርሳለች። አክስቴ ጋ ዱራሜ አድሬ ስመለስ ጨርሳ ጠበቀችኝ።

ቤቱ በራ። በቀለም! እናቴ እጇ ላይ የደረቀ ሙጫ እየፋቀች፣ «ዘንድሮ ጋዜጣ አልበቃ ብሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ሲረዳኝ ፍራሽሽ ሥር ያማረ ወረቀት አገኘሁ» አለችኝ።

ባለባርኔጣው መስኮቱ አጠገብ በበቅሎው ላይ ተቀምጦ አየኝ።

በምላጭ ነበር የቆራረጠችው። አሥራ ስድስት ቅጠል። አንድ ቅጠል ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ሲታይ ሌላው ወደ ጭቃው ይዞራል። ሠላሳ ሁለት ገጽ የነበረው መጽሐፍ አሥራ ስድስት ቀረ ማለት ነው። የትኛውን ገጽ እንዳስቀረች ታውቃላችሁ? እናቴ ጸሎተኛ ናት። ረቡዕ ረቡዕ የቤተ ክርስቲያን እህቶች እኛ ቤት ይጸልያሉ። ስለዚህ ሽጉጥ ያለበት ወደ ጭቃው ዞረ። መሳሳም ወደ ጭቃው ዞረ። ቢራ ቤቱ፣ ዱላው፣ እሳቱ፣ ሁሉም ወደ ጭቃው። በሁለቱም በኩል ሽጉጥ ያለበት አንድ ቅጠል ቸግሯት፣ ሽጉጡ ላይ የሳሙና መጠቅለያ ለጥፋበታለች። አሁን ባለባርኔጣው ጠላቱ ላይ የሚያነጣጥረው ጸጉሯን የምትታጠብ ቆንጆ ሴት ይዞ ነው።

የተረፈው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ አንድ ሰው በበቅሎ ይሄዳል። ውኃ ይጠጣል። ሰው ሰላም ይላል። ሾርባ ይበላል። እንደገና ይሄዳል። መጨረሻ፣ ከበሩ በላይ፣ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ዓይኑን ጨፍኗል፤ በቅሎዋ አጠገቡ ቆማለች። ይህ ገጽ ሠላሳ አንድ ነው። ጀርባው ላይ ያለው መቃብሩ ነው።

«መቃብር በመስቀል ይለጠፋል?» አለች እናቴ። «ይሄኛው ይሻላል። ደክሞት ተኝቶ ነው።»

የረቡዕ እህቶች በጣም ወደዱት። አንዷማ በጸሎት መሃል ዓይኗን ገልጣ ስታነብ ያዝኳት። ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ጨዋ ሰው ይመስላል፣ ትዳር የለውም እንዴ አለችኝ።

አንዱን ገጽ በእርጥብ ጨርቅ ለማላቀቅ ሞከርኩ። የበቅሎዋ ፊት ከነጭዱ ተላቀቀ፤ ኋላዋ ግድግዳው ላይ ቀረ። ተውኩት።

ታምራት ሊመዘገብ መጥቶ መጽሐፉን ሲጠይቀኝ፣ ገና አልጨረስኩም አልኩት። በሦስት ወር ሠላሳ ሁለት ገጽ! ደነዝ መስዬው ይሆናል። «ለመስቀል አገሬ ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ። ወንድሜ ሲደውል አጠገቤ እንዲሆን ነው» አለኝ። ሲደውል አለ። ከደወለ አላለም።

ከዚያ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዝቼ፣ ወደ ጭቃው የዞሩትን ገጾች ከነሽጉጣቸው እያስታወስኩ መሳል ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ስዬ ለሰው አሳይቼ አላውቅም። አሥራ አምስቱን ሳልኩ። አሥራ ስድስተኛው፣ ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ፣ አልሳል አለኝ። አፈሩን ጀምሬ ተውኩት። ሌላ ነገር ሳልኩ።

እንግዲህ ዓርብ ዕለት ታምራት ቦርሳውን አንግቶ፣ ወደ ጊምቢቹ የሚወስደው መኪና እየጠበቀው መጣ። ግድግዳውን አየ። ቀጥሎ ደብተሩን ሰጠሁት። እሱ ደግሞ እንደ ማንኛውም ኮሚክ ወዳድ መጀመሪያ መጨረሻውን ገለጠ። ጠቡ የተነሳው በዚህ ነው። መጽሐፉ ስለተቆራረጠ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ የተቆጣው ስለ ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ ነው።

«ያልነበረ ነገር ትስያለሽ! ማን ፈቀደልሽ? ሞቷል፣ ሞቷል፣ ሞቷል!»

እኔም ሬሳውን አይተሃል ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ከጓሮ ሮጣ ገባች። እጇ በቅቤ ተለውሷል፤ የመስቀሉን አተካና፣ ያንን በቅቤ የሚሠራ የቡላ ምግብ፣ ልትሠራ ስትሰናዳ ነበር። «ማነው የሞተው?» አለች። አየችው። «ታምሬ! ስልክ መጣ እንዴ?»

በእኛ ሰፈር እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ስለየትኛው ስልክ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«የለም እትዬ» አለ ታምራት። «የመጽሐፍ ሰው ነው።»

«ወይ እናንተ! ልቤን አፈረሳችሁት። ቁጭ በል በል፣ ትንሽ ቀምሰህ ትሄዳለህ።»

አልተቀመጠም። ግን ደብተሩን ከመጀመሪያው ገለጠ። መስኮቱ ጋ ሄዶ አንደኛውን ገጽ ከግድግዳው አነበበ፣ ሁለተኛውን ከደብተሩ። ሦስተኛው ከአልጋው በላይ ነው፤ ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ወጣ። እናቴ ገጾቹን የለጠፈችው በቀለማቸው አስማምታ ስለሆነ ታሪኩን ለመከተል ቤቱን መዞር ያስፈልጋል። ዞረ።

«ይሄ ሽጉጥ ነው ማንኪያ?» አለ አልጋው ላይ ቆሞ።

«ሽጉጥ ነው።»

«ሾርባውን በዚህ ቢበላ ይሻለው ነበር። በቅሎዋ ደግሞ አርግዛለች እንዴ?»

«በቅሎ አታረግዝም።»

«ያንቺዋ አርግዛለች።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። እሱም ሊስቅ ሲል ተወው። ወደ በሩ ደረሰ። ቀና ብሎ ሠላሳ አንደኛውን አየ፤ ዛፉን፣ የተጋደመውን ሰው፣ በቅሎዋን። ከዚያ ደብተሩን ገለጠ።

እዚያ ያለው ይህ ነው፦ ጅምር አፈር። አፈሩ ላይ ባርኔጣ። ባርኔጣውን እዚያው ጥሎት፣ ፀሐይ አናቱን እየመታው፣ በቅሎውን እየሳበ የሚሄድ ሰው። በጀርባው ስለሳልኩት ፊቱ አይታይም፤ ፊት መሳል ስለማልችልበት ነው። አፉ ባይታይም ከራሱ በላይ ደመና አለ። ውስጡ ባዶ ነው። ምን እንደሚል አላወቅሁም። ደመናዎቹን ይሞላ የነበረ ሌላ ሰው ነው።

ውጭ የመኪናው ረዳት «ጊምቢቹ፣ ጊምቢቹ» እያለ ይጣራል።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ልለው ይገባ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናትህ እንዳያዩት፣ ጊምቢቹ ገና ግድግዳ እየተለጠፈ ነው፣ ፍራሽ ሥር ብቻ እንዳታስቀምጠው ልለው ፈለግሁ። የደፈርኩት ድፍረት ግን ሬሳው ላይ አልቆብኝ ነበር። ታምራት ደብተሬን ጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ላይ አስገባ፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋ፣ ጫማውን አጠለቀ፤ ከተኛው ሰውዬ ሥር አልፎ፣ እናቴ «ለእናትህ ሰላም በልልኝ» እያለችው ሄደ።